ምዕራፍ 7፦ ፒስታ ያልተጠናቀቀ አስፋልት አይደለም

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የሚዘረጋ የጠጠር መንገድን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ መንገዱ ሁለት ነው። መሐሉ ግሬደር የገፋው፣ ጠጠር የተደፋበት፣ መኪና አቧራ እያስነሳ የሚከንፍበት ሰፊው ነው። ከጎኑ፣ አንዳንዴ ከቦዩ ወዲህ፣ አንዳንዴ ከቦዩ ማዶ፣ ከሁለት ሦስት ስንዝር የማይሰፋ ሌላ መንገድ አለ። ይህን መሐንዲስ አልነደፈውም፤ በጀትም አልተያዘለትም። የሠሩት ገበያ የሚወርዱ እግሮች፣ ጭነት የተጫኑ አህዮችና ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ናቸው። ጠጠሩ ወደ ዳር ተገፍቶ፣ አፈሩ ተረግጦ ተረግጦ እንደ ተለቀለቀ መደብ ለስልሷል። ዛፍ ሲያገኝ ይዞረዋል፤ ጥላ ሲያይ ወደ ጥላው ያዘነብላል፤ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል። ብስክሌተኛም ሲመጣ ሰፊውን ትቶ የሚገባው እዚችው ቀጭን መስመር ላይ ነው። በመዝገብ የሰፈረው ሰፊው ነው፤ ብዙው ሰው የሚሄደው ግን በቀጭኑ ነው።

መንገድን የምናስበው እንደ መሰላል ነው። ከታች የእግር መንገድ፣ ከዚያ ጥርጊያ፣ ከዚያ ፒስታ፣ ከሁሉም በላይ አስፋልት። አንድ ጥርጊያ ጠጠር ሲለብስ «ደረጃው አደገ» እንላለን፤ አስፋልት ሲለብስ ደግሞ «አለቀለት» እንላለን። ይህ አስተሳሰብ ፍሬ አልባ ነው ማለት አይቻልም። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር የኢትዮጵያ ጠቅላላ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከ110,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተከፈቱት የቀበሌ መንገዶች ለዚህ ዕድገት ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ነገር ግን መሰላሉ አንድ የተደበቀ መለኪያ አለው፤ መንገድ የሚመዘነው መኪና በምን ያህል ፍጥነት ሊሄድበት ይችላል በሚል ብቻ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር መለኪያው ጎደሎ ነው የሚል ነው። መኪና የማይገባበት የጠጠር መንገድ፣ በተለይ በወንዝ ሸለቆና በደን ዳር ያለው፣ ወደ ሌላ ነገር እስኪለወጥ የሚጠብቅ ጅምር ሥራ አይደለም። የራሱ አገልግሎት፣ የራሱ ምህንድስና፣ የራሱ ዕድሜ ያለው ሙሉ መንገድ ነው። የጣና ዳርቻም እንዲህ ያለውን መንገድ ሳያጠፋው በሕግ ሊጠብቀው ይገባል።

ነገሩን ከጎማው እንጀምር። ብዙ ሰው ብስክሌት በጠጠር ላይ የሚከብደው ጠጠሩ ስለሚይዘው ይመስለዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሲነፋ፣ የሚያገኘው እያንዳንዱ ጠጠር ብስክሌቱንና ሰውየውን አንድ ላይ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ሽቅብና ቁልቁል በመንገጫገጭ ያልቃል። ጎማው ሰፋ ብሎ ነፋሱ ሲቀንስ ግን ላስቲኩ ጠጠሩን ይውጠዋል፤ ሰውየው ሳይነሣ ያልፋል። ጆን ዳንሎፕ በ1888 (እ.ኤ.አ.) በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሲሠራ የፈታው ችግር ይኸው ነበር፤ ያኔም አብዛኛው መንገድ አስፋልት አልነበረም። ዛሬ «የጠጠር ብስክሌት» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ዓይነት ምሥጢሩ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ ነው። ያን መግዛት የማይችል ሰውም ከትምህርቱ ተካፋይ መሆን ይችላል። ለጠጠር ጉዞ፣ ጎሚስታው የነፋውን ጎማ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት እሺ እስኪል ማስተንፈስ ነው፤ ቸርኬው ድንጋይ እስኪነካ ድረስ ግን መሆን የለበትም። ከዚያ በኋላ ያው ተራ ብስክሌት በዚያው መንገድ ሌላ ዕቃ ይመስላል።

ጎማው ከተስተካከለ የብስክሌት እውነተኛ ጥቅም ይወጣል። ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በተመሳሳይ ድካም በደልዳላ መንገድ ላይ በብስክሌት 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ኢቫን ኢሊች የተባለው አሳቢ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ጉልበትና ፍትሕ ሲጽፍ ክርክሩን ያቆመው በዚህ ላይ ነበር። ስሌቱን ወደ ገጠር ስናመጣው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በአንድ ሰዓት ሦስት እጥፍ ርቀት የሚሄድ ሰው የሚደርስበት የመሬት ስፋት ሦስት እጥፍ ሳይሆን ዘጠኝ እጥፍ ነው። በዘጠኝ እጥፍ መሬት ውስጥ አንድ የነበረው ገበያ ብዙ ይሆናል፤ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክልል ውስጥ ይገባሉ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት፣ የተመዘገበው ተሽከርካሪ ሁለት ሚሊዮን እንኳ ባልሞላባት አገር፣ መንገድን በመኪና ፍጥነት ብቻ መመዘን ጥቂቱን አይቶ ብዙውን መርሳት ነው።

የጠጠር መንገድ ጠላቶችም መታወቅ አለባቸው፤ ውሃና ክብደት ናቸው። ውሃው በቦይና በቱቦ ሊመራ ይችላል፤ ክብደቱ ግን የሚመጣው ከመኪና ነው። በ1958 እና በ1960 (እ.ኤ.አ.) መካከል በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገ ታላቅ የመንገድ ሙከራ ላይ መሐንዲሶች አንድ ደንብ አገኙ፤ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአንድ አክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር በግምት ይመጣጠናል። ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከነሰውየው መቶ ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት በእያንዳንዱ ጎማው 50 ኪሎ ያህል ያሳርፋል፤ የተጫነ ሲኖትራክ በአንድ አክስሉ አሥር ቶን ቢያሳርፍ ልዩነቱ ሁለት መቶ እጥፍ ነው፤ በደንቡ ሲሰላ ጉዳቱ ከአንድ ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ደንቡ የወጣው ለተነጠፈ መንገድና ለከባድ ተሽከርካሪ ስለሆነ ቁጥሩን ቃል በቃል መውሰድ አይገባም፤ የሚያሳየው አቅጣጫ ግን አያከራክርም። መንገዱ ላይ እንደ ቆርቆሮ የሚሸበሸበው ጥርስ የሚያንገጫግጭ ሞገድም የፍጥነት ልጅ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የላቦራቶሪ ጥናት፣ በአሸዋ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ ሞገዱን ራሱ እንደሚሠራው፣ ከዚያ በታች ግን አሸዋው ልሙጥ እንደሚቆይ አሳይተዋል። እንግዲህ ከባድና ፈጣን ተሽከርካሪ ያልገባበት የጠጠር መንገድ፣ ቦዩ እስከተጠረገለት ድረስ፣ ግሬደር ደጋግሞ ሳይጎበኘው ለዓመታት ይኖራል። የዚያ ቀጭን መስመር ልስላሴ ምሥጢር ይኸው ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመናዊው ማክስ ጉተር በሚመራ ቡድን ፕላን ሲወጣላት ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሰጧት፤ የሐይቁ ዳር ሜዳማ መሬት ደግሞ ዳገት አይጠይቅም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው በብስክሌት የሚመላለስባት ከተማ ተብላ ስሟ የወጣው በዚህ ነው። ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌት ወደ ዳር ተገፋ፤ ቢሆንም አልጠፋም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሰጥቶታል። አገራዊው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂም ከ2020 እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) ለብስክሌትና ለእግረኛ ቦታ እንዲለቀቅ ይጠይቃል። ጉድለቱ ሁሉም ነገር ከተማው ጫፍ ላይ መቆሙ ነው። ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ የተነሣ ብስክሌተኛ ጎዳናውን ጨርሶ ገጠር ሲገባ የሚጠብቀው ምርጫ ከአይሱዙ ጋር መጋፋት ወይም ያችን ቀጭን መስመር መለመን ነው።

ዓባይን ተከትሎ ቁልቁል የሚወርደውን አቅጣጫ እንውሰድ። ከከተማው እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ለብዙ ዘመን የሚታወቀው በጠጠርነቱ ነው። ፏፏቴው የተፈጠረው ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ወንዙን ስለገደበው ነው፤ የጣናም መፈጠር የዚያው ታሪክ አካል ነው። በየማሳው ዳር ገበሬው ለቅሞ የሚከምረው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ጥቁር ድንጋይ የዚያ ፍሳሽ ስባሪ ነው፤ ለጠጠር መንገድም ጥሬ ዕቃው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ከፏፏቴው ጥቂት ወረድ ብሎ ደግሞ የአላታ ድልድይ አለ። በ1626 (እ.ኤ.አ.)፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ለእግርና ለኮቴ ታስቦ ተሠራ፤ እስከ ዘመናችንም ለእግርና ለኮቴ ያገለግላል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበን ድልድይ «ያልተጠናቀቀ» የሚለው የለም። ለምን ዓላማ እንደተሠራ ስለምናውቅ በዚያው እንመዝነዋለን። ወደ ድልድዩ የሚያደርሰውን መንገድ ግን በሌላ ሚዛን እንሰፍረዋለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ጣና ዳር ያለው ዘጌ ነው። ባሕረ ገብ መሬቱ በቡናና በጌሾ፣ በአገር በቀል ዛፎች እንደተሸፈነ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉበት የገዳማት ምድር ለዘመናት የቆየ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነበር። ኑሮው ከደኑ ነበርና ደኑም ኖረ። ከዚህ የምንማረው ነገር አንድን መሬት ከጥፋት የሚጠብቀው አጥር ሳይሆን በቦታው ሰዎች የተስማሙበት ክልከላ መሆኑን ነው። ማረሻ አይገባም ብሎ ደን ያቆየ ማኅበረሰብ ባለበት አገር፣ መኪና አይገባም ብሎ መንገድ ማቆየት ባዕድ ሐሳብ ሊሆን አይችልም። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 (እ.ኤ.አ.) በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ያከበረው ሰውና ተፈጥሮ እንዲህ ተስማምተው መኖራቸውን ነው። እዚህ ላይ ግን ብስክሌተኛውም ልጓም ያስፈልገዋል። በደን ውስጥ ያለች እርጥብ የእግር መንገድ በጎማ ተደጋግማ ከተሰነጠቀች ጎርፍ ይገባባታል፤ የገዳም ደጅም የመሽቀዳደሚያ ሜዳ አይደለም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ እስከ ደኑ ዳር በብስክሌት፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ከሐይቁ ምሥራቅ በደቡብ ጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ለቀሩት የደን ደሴቶችም ይኸው ይሠራል። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የእነዚህ ደኖች ተመራማሪ ነው፤ ገበሬዎች ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ደኑን እንዲያጥሩ የተደረገው ጥረትም ከእርሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በድንጋይ አጥሩ ሥር የሚዞር ቀጭን የጠጠር መንገድ ደኑንና ማሳውን የሚለይ ድንበር መሆን ይችላል።

የሌላው ዓለም ልምድም ወደዚሁ ያመለክታል። ዋሽንግተን አጠገብ የፖቶማክ ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ፣ በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት የቦይ ዳር መንገድ ነበር። ቦዩ አገልግሎቱን ሲያቆም መኪና መንገድ ይሁን ተባለ። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ዊልያም ዳግላስ ጋዜጠኞችን ይዞ በሙሉ ርዝመቱ በእግር ሄደና ክርክሩን ቀለበሰው፤ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ 297 ኪሎ ሜትር መኪና የሌለበት የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። ቀረብ ሲል ሩዋንዳ የኪቩን ሐይቅ ዳር ተከትሎ የሚሄድ 227 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መስመር አላት፤ ኮረብታው ከጣና ዳር ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ኬንያም ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማሳይ ማራ ምድር የጠጠር ብስክሌት ውድድር ታካሂዳለች። ከሦስቱ የምንወስደው ቁም ነገር ቦታው ቀድሞም መንገድ እንደነበረው ነው። አዲስ የተሠራው የመጠበቅ ውሳኔው ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከሁሉም የከበደውን እናስቀድም። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ትፈልጋለች፤ ማዳበሪያ በብስክሌት አይጫንም፤ የፎገራ ሩዝ በብስክሌት ወደ ወፍጮ አይሄድም። ይህ ፍጹም እውነት ነው፤ ለቀበሌው ሁሉ የመኪና መንገድ መድረሱን የሚቃወም ሰው ስለ ገጠር ባይናገር ይሻለዋል። ክርክሩ ግን ሁሉም መንገድ የመኪና ይሁን አይሁን የሚል ነው። አንድ ቀበሌ አንድ የመኪና መግቢያ ካለው፣ በወንዙ ዳርና በደኑ ጥግ የሚያልፈው ሁለተኛው መስመር ለመኪና መከፈቱ ለአምቡላንሱ የሚጨምርለት ነገር ትንሽ ነው፤ ከእግረኛው የሚወስደው ግን ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው በዓመት 26.7ቱ በመንገድ አደጋ ይሞቱ ነበር። የተሽከርካሪ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የሚገጨው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ደረጃው ያደገ መንገድ ደግሞ ዋና ስጦታው ፍጥነት ነው። አስፋልት የሚደርሰው መንገድ ሁሉ ጎኑ ላይ ለእግርና ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይሆንም። በድንገት አምቡላንስ ማለፍ ያለበት ቦታ ላይ ተነቃይ ምሰሶ ተክሎ ቁልፉን ለቀበሌው መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ነገሩ የቱሪስት ቅንጦት ነው የሚል ነው። እውነት ነው፣ በውድ ብስክሌት የሚመጣ እንግዳ ቢኖር መልካም ነው። መቄት ወረዳ ውስጥ የገጠር ማኅበረሰቦች ተስፋ በተባለው ፕሮግራም ለእግር ተጓዦች ማረፊያ ሠርተው ገቢውን መካፈል ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ለብስክሌትም ያው ሥርዓት ይሆናል። ግን እንግዳውን ከሒሳቡ ብናወጣው እንኳ መንገዱ ባለቤት አያጣም። ሰባት ኪሎ ሜትር ተጉዛ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ በእግሯ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ጊዜ ትፈጃለች፤ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ይበቃታል። ወላጆቿ ብስክሌቱን ሳይሆን ከኋላዋ የሚመጣውን መኪና ይፈራሉ። ይህን ፍርሃት የሚያስወግደው መኪና የማይገባበት መስመር ነው።

ሦስተኛው ክረምቱ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ዋልካ አፈር ደግሞ በጎማና በፍሬን መካከል ተጣብቆ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ ያስወጣል። መልሱ ከፊሉ አሠራር ነው፤ መሐሉን ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርጎ መሥራት፣ ዋልካው ላይ ድንጋይና ቀይ አሽ ማልበስ፣ ቦዩን ከሰኔ በፊት መጥረግ። ሁለት ሜትር የሚሰፋ መንገድ ስድስት ሜትር ከሚሰፋው የሚጠይቀው ጠጠር ሲሶውን ነው። ከፊሉ ደግሞ ትዕግሥት ነው፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት የሚያልፍ መንገድ በምንም ዋጋ አይሠራም። በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚዘጋ መንገድ ስለተዘጋ ብቻ ከንቱ አይባልም፤ ጣና ላይ ማዕበል ሲነሣ ታንኳም ዳር ይወጣል፣ ታንኳን ግን ማንም አልተወውም።

የመጨረሻው ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልልን የያዘው ግጭት ባለበት ስለ ብስክሌት ማውራት ቀልድ የሚመስለው አይጠፋም። ይህ ምዕራፍ ዛሬ ተነሥታችሁ ውጡ አይልም፤ የመንገዱን ደኅንነት የሚያውቀው በዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ሆኖም ሰላም ሲወርድ ቀድሞ የሚገባው ግሬደር ነው፤ ያኔ በጥድፊያ የሚሠመረው መስመር ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የትኛው መንገድ ለመኪና፣ የትኛው ለእግርና ለብስክሌት እንደሚሆን ማሰብ ያለብን አሁን ነው።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ወረዳው የመንገድ ካርታ ሲያወጣ ቀጭኗን መስመርም ይሣል፤ ስም ይስጣት፤ ቦይ ይጥረግላት፤ መግቢያዋ ላይ ሁለት የድንጋይ ምሰሶ ያቁም። መሐንዲሱም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በገበያ ቀን መንገዱ ዳር ቆሞ ሰዉ በየት እንደሚሄድ ይቁጠር። ሰፊው ላይ ስንት መኪና፣ ጎኑ ላይ ስንት እግር እንዳለፈ ሲጽፍ፣ የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደተጠናቀቀ ወረቀቱ ራሱ ይነግረዋል።